የወንድም መቅኒ

የታካሚዬን የታመመ መቅኒ በመድኃኒት ገድለን ጨርሰናል። ከዚህ ወዲያ የወንድሟ መቅኒ ካልተተካላት መሞቷ ነው። ጠብ የማያጣውን ወንድሟን «እባክህ እስከ ነገ ከማንም ጋር አትጣላ» ብዬ የለመንኩት ለዚህ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በሰዓቱ መጣ። ጀርባው ክፍት የሆነውን የሆስፒታል ልብስ ለብሶ በሆዱ ተኛ።

«ማደንዘዣው ይቅርብኝ ዶክተር፤ አይሰማኝም።»

«ጀግንነትህን ለጠብህ አቆየው» አለችው ነርሷ።

«ጠቡ እንኳ ትናንት አለቀ፣ ሲስተር» ብሎ ሳቀ።

ጣቱ ላይ ያደረግንለት የልብ ምት መለኪያ ምንም አላሳየም። በሌላ ቀየርነው፤ ያው ነው። የሚስቅ ሰው ልቡ አይቆምምና ማሽኑን ረግመን ቀጠልን። ወፍራሙን መርፌ የዳሌው አጥንት ውስጥ በኃይል እያሽከረከርኩ አስገባሁት። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ይሰማ ነበር፤ እሱ ግን ያለ ማደንዘዣ «እህ» እንኳ አላለም። ደም የመሰለው መቅኒ ከረጢቱን ሞላው።

ስንጨርስ ገልብጠን በጀርባው አስተኛነው። ልብሱ ከደረቱ ላይ ተንሸራተተ። ደረቱ በስለት ተዘንጥሏል፤ የተቆረጡት የጎድን አጥንቶቹ ይታያሉ። ጠብታ ደም የለም። ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች።

እሱ ዐይኑን ከከረጢቱ ላይ አልነቀለም።

«ይበቃታል ዶክተር? ካነሰ ጨምሪ።»