የገመዱ መልስ

በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ከቆቦ ወደ ዋጃ መንገድ ዳር ያለውን የጥንት የውሃ ዋሻ የሚመረምር ማሽን መጣ። ካሜራ የተገጠመለት፣ ውሃ ውስጥ የሚዋኝ፣ ግልገል የሚያህል ነገር ነው። ባለሙያው ጓድ ካሕሳይ ግራር ጥላ ሥር ተቀምጦ በቴሌቪዥን እያየ ይነዳዋል። ጉድጓድ ቆፋሪው አራጌ ደግሞ ማሽኑ የታሰረበትን ገመድ ይዞ ወደ ዋሻው በሚያስገባው ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሟል። ከዓመታት በፊት ዋሻው የአራጌ አባት ላይ ሲደረመስ ከላይ የነበሩት ሰዎች የእሱን ገመድ ለቀው ሸሽተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልወረደበትም።

ቀትር ላይ ማሽኑ በኤሌክትሪክ ሽቦው ተስቦ ወጣ። ገመዱ ግን አብሮት አልነበረም።

«ተፈትቶ ይሆናል» አለ ካሕሳይ። «አያ አራጌ፣ ይጠቅልሉትና እንሂድ።»

አራጌ መጠቅለል ጀመረ። ጥቂት እንደሳበ ገመዱ ከታች ሁለቴ ሳብ ሳብ ተደረገ።

በቆፋሪዎች ወግ ከታች ያለው ሰው ሁለቴ ከሳበ ልውጣ ማለቱ ነው። ከላይ ያለውም ሁለቴ ስቦ ይመልስለታል፤ ይዤሃለሁ፣ ውጣ ማለት ነው። መልስ ያላገኘ እዚያው ሆኖ ይጠብቃል። አራጌ ይህን የለመደው ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። እጁ ሳያማክረው ሁለቴ ሳበ።

«ከማን ጋር ነው የሚጓተቱት?» አለ ካሕሳይ፤ ማሽኑን አየ፣ ገመዱን አየ። ድምፁ ዝቅ አለ። «አያ አራጌ፣ ይልቀቁት።»

አራጌ ግን እግሩን ከድንጋዩ ጋር አደላድሎ ነበር። ገመዱ ተወጠረ፤ ሰው እንደተንጠለጠለበትም ከበደ።