የኛቦል ወንድም

«ብዪ እንጂ! ሽሮ ስለሆነ ነው ያኮረፍሽው?» አለች ስንዱ።

«አላኮረፍኩም፤ ወንድሜን እየጠበቅኩ ነው» አለች ሶስና፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል።

ስንዱ ሳቀች፤ ሶስና አንድ ልጇ ናት፣ ወንድም የላትም። ወዲያው ግን ነገሩ ትዝ ብሏት ሳቋ ከንፈሯ ላይ ደረቀ። በትምህርት ቤቱ አዲስ ደንብ፣ የሚናናቁ ልጆች እንዲከባበሩ የአንዱ ትዝታ በሌላው ራስ ውስጥ ይገባል። ሶስና «ከሰል» እያለች ታሾፍባት ከነበረችው ከክፍል ጓደኛዋ ከኛቦል የደረሳት፣ ባሮ ወንዝ ዓሣ ሊያጠምድ ወርዶ የቀረ ወንድም ነው።

«ነገውኑ ሄጄ ከራስሽ አስወጣዋለሁ!»

«ከዚያ ኛቦል ብቻዋን ትጠብቀው?»

ስንዱ በሩን ልትቀረቅር ተነስታ ነበር፤ ሳትቀረቅረው ተመለሰች። ከትሪው አጠገብ አንድ ባዶ በርጩማ አስጠጋችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለመሆኑ ሽሮ ይበላል?» አለች።

«መጀመሪያ ይምጣ እንጂ፣ እማዬ።»