የወይዘሮዋ ማር

ዘንዶ ለመውጋት በሚዘመትበት አንድ የስልክ ጌም ውስጥ ጦሩን የምትመራውን ወይዘሮ የማይታዘዝ ወታደር አልነበረም። ባለቀስቱ ጋሻዋን ይወለውላል፤ ባለጦሩ በቅሎዋን ይጭናል። አዲሱ ባለሰይፍ ግን፣ "ፈሪዎች! እንዲህ ተሽቆጥቁጦ ሚስት ትገኛለች? ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም" አለና እሷን የማገልገል ተራው ሲደርስ አንድ ቅል ማር ይዞ ድንኳኗ ገባ።

"እመቤቴ፣ ከእንግዲህ ከእርስዎ ተለይቼ መኖር አልችልም።"

ወይዘሮዋ ፈገግ ብላ አውራ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነከረችና ወደ አፉ አስጠጋችለት። ልቡ ቅቤ ሆነ። ዓይኑን ጨፍኖ ጠባ።

"እሰይ!" አለች ወይዘሮዋ። "እንግዲህ ጣቴን ስለጠባህ በወጋችን የጡት ልጄ ሆንክ። እናትና ልጅ ደግሞ አይለያዩም።"

ከንፈሩን እንኳ ሳይጠርግ ሲወጣ ባለቀስቱና ባለጦሩ ደጅ ቆመው ይጠብቁት ነበር። ባለቀስቱ ትከሻውን አቀፈው።

"አይዞህ ወንድሜ" አለው፤ "እኛም የገባነው ለጋብቻ ነበር።"