ባለ ጸጉር ኮሌታው ካፖርት

“ጦጣዬ በፍቅሬ አብዳለች፣ ስሜን ጠርታ ታለቅሳለች” እያለ በሰው አገር የሁስቢን ሰፈር ሰው ያሰለቸው ጉልላት፣ ጎረቤቱን እትዬ ተጂቱን ለምስክርነት ጠርቶ ወደ ቤቱ ገባ። ቡጢ የምታህለው ጦጣ ከመጋረጃው ዘልላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። “አላልኩዎትም?” አለ።

ከመስኮቱ ውጭ በረዶው እንደ ተነደፈ ጥጥ፣ በሕልም እንደሚታይ ነገር ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። ጉልላት ካፖርቱን አውልቆ ሰቀለው። ጦጣዋ ግን ከካፖርቱ ጋር ተሰቅላ ቀረች። የኮሌታውን ጸጉር በትንንሽ ጣቶቿ እየፈለፈለች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በአፏ ጡት ትፈልግ ጀመር።

“እናቷ መስሏት ነው፣ ልጄ” አሉ እትዬ ተጂቱ። “ከጡት ነጥለው ነው የሸጡልህ።”

ጉልላት ስልኩን አነሳ። ወደ እንስሳት መጠለያ ደወለና “ኑና ውሰዷት፤ ካፖርቱንም ጨምራችሁ” አለ።

“በዚህ ብርድ አንተ ምን ልትለብስ ነው?” አሉ እትዬ ተጂቱ።

“እኔን ብርድ ይፈራኛል” ሲል ዋሸ።