የፈይሰል ተራ

ፈይሰል ወደ ሐሙሲት ገበያ ከሄደ ጀምሮ፣ ደብረ ታቦር ሱቅ የቀረችው እኅቱ ከድጃ በስልክ ከእሱ ጋር ቼዝ ትጫወት ነበር። ወትሮ ሳያስብ ፈረሱን የሚያስበላው ወንድሟ ዛሬ ከጨዋታው አጋማሽ ወዲህ አንዴም አልተሳሳተም። ግራ ሲገባት ጨዋታውን ስልኳ ላይ ላለው የቼዝ ፕሮግራም አሳየችው። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ ምርጥ ያለው እርምጃ ሁሉ ፈይሰል የተጫወተው ነበር። ፈይሰል «ማሽን ካሰበልኝ እኔ ምን ልሠራ?» እያለ ፕሮግራሙን አጥብቆ ይጠላ ነበር።

«አንተ ነህ?» ብላ ጻፈች። የፈይሰል ንግሥት ወደ ከድጃ ንጉሥ ተጠጋች። ስልኩ በሌባ እጅ ይሆን? እሱስ? ደወለች።

«እኅቴ፣ አትደንግጪ» አለ የማታውቀው ወንድ። «አብሬው ተሳፍሬ ነበር። መኪናው ተገልብጦ እዚሁ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ነን። ‹ጨዋታው ከቆመ እኅቴ ትደነግጣለች፤ ተጫወትልኝ› ብሎኝ ነው። እኔ ቼዝ አላውቅም፤ የራሴ ስልክ ላይ ያለው የቼዝ ፕሮግራም ያለኝን ነው የማደርግ።»

«እሱን አቅርብልኝ!»

«አሁን ኦፕራሲዮን አስገቡት።»

ከድጃ ሱቁን እንደተከፈተ ትታ ባጃጅ ለማስቆም ሮጠች። «ስልኩን እንዳትዘጋው» እያለች ትለምነው ነበር፤ «በአላህ፣ እንዳትዘጋው።»