የውባንተ ጀሪካን

መኪናው የመጣው በስድስተኛው ዓመት ነው። አሰበች የሞተሩን ድምፅ ከታጨደው ሰሊጥ ማዶ ስትሰማ ብድግ አላለችም። ስድስት ዓመት ያስጠበቀን እንግዳ ቆመው አይቀበሉትም። የአጫጆቹ ንፍሮ ከሚፈላበት ምድጃ አጠገብ፣ ከዳሱ ሥር እንደተቀመጠች አቧራው መጥቶ እስኪያለብሳት ጠበቀች።

ቂሟን የማያውቅ ሰው በቀበሌው የለም። ያኔ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሰዎች መጥተው ገበሬውን ሰበሰቡና የአረምና የተባይ መድኃኒት ባዶ ጀሪካን ማሳ ላይ አይጣል፣ መሬት ይመርዛል፣ ከብት ይፈጃል አሉ። አንድ ሰው ይሰብስብ፣ መኪና መጥቶ ይወስዳል፣ ለአሥር ባዶ አንድ አዲስ የውሃ ጀሪካን ይሰጣል። ብቻ የተበሳና የተሰነጠቀ አይቆጠርም። ማን ይሰብስብ ሲባል ሁሉም መሬት መሬት አየ። እጇን ያወጣችው አሰበች ናት። አዲሶቹን ለአጨዳ ከደጋ ለሚወርዱት ሠራተኞች ላድል ብላ ነው፤ በዚያ ሐሩር ውሃ መያዣ እያጡ ሲንከራተቱ ታያለችና።

ከዚያ ወዲያ መኪናም የለ፣ ሰውም የለ። ከበረቱ ጀርባ ክምሩ ብቻ አደገ።

አንዱአምላክ የሚባለው ወጣት የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ክምሩን ቆጥሮ ጨርሶ ላቡን እየጠረገ መጣ።

"ሦስት መቶ አሥር። እትዬ አሰበች፣ እንደርስዎ የሰበሰበ አላየሁም። ሠላሳ አንድ አዲስ ጀሪካን ይደርስዎታል። ይኸው መኪናው ላይ ነው።"

"ዘገያችሁ፣ ልጄ።"

"በጀት ነው፣ እትዬ። እኔ ከተቀጠርኩ ገና ዓመቴ ነው።"

"አንተንማ ምን እላለሁ። ሰው ሞቷል እኮ እዚህ።"

"ሰምቻለሁ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከበለሳ የመጣ አጫጅ። ከክምሩ አንሥቶ ውሃ ጠጣበት አሉ።"

አሰበች ንፍሮውን አማሰለች። እንደዚያ ብላ ያወራችው ራሷ ናት። ውባንተ ከክምሩ አነሣ፤ መኪናው በጊዜ ቢመጣ ክምር አይኖርም ነበር፤ እንግዲህ ጥፋቱ የመኪናው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ስትደጋግመው ለራሷም እውነት ሊመስላት ምንም አልቀረውም ነበር።

"አሁን ወዴት ልትወስዱት ነው?"

"መጋዘን ይገባል። ከዚያ በጨረታ ይሸጣል።"

"ለማን?"

"ላሸነፈ ነዋ። ፕላስቲክ አቅላጮች አሉ።"

"ለውሃ መያዣ ብሎ ሸሕዲ ገበያ አጥቦ የሚቸረችረው ቢያሸንፍስ?"

ወጣቱ ወረቀቱን አገላበጠ። "እንግዲህ እትዬ፣ ከጨረታው ወዲያ ያለው የእኛ ሥራ አይደለም።"

"ብንበሳውስ?"

"የተበሳ አይቆጠርም። መመሪያ ነው። አንድም አዲስ አላስረክብዎትም።"

አሰበች መኪናው ላይ የተደረደሩትን አዲሶቹን አየች። ቢጫ ናቸው፤ ያብለጨልጫሉ። ስድስት ዓመት በልቧ ስታድላቸው ኖራለች። ከዚያ ለበረት ጥገና ያስቀመጠችውን ቁራጭ ፌሮ አንሥታ ከድስቱ ሥር ፍሙ ውስጥ ሰደደችው።

ሾፌሩ ጌች በመስኮት ብቅ ብሎ ሳቀ። "እናቴ፣ ስድስት ዓመት የቀለቡትን ወይፈን በገበያው ቀን ሊያርዱት ነው?"

"የታመመ ወይፈን ለጎረቤት አይሸጥም።"

ፌሮው ሲቀላ በቀሚሷ ጫፍ ይዛ ወደ ክምሩ ሄደች። የመጀመሪያው ጀሪካን እየጤሰ ተበሳ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሁለተኛው፤ ሦስተኛው። ሾፌሩ ሳቁን ተወ።

"ኧረ ይተዉ፣ እትዬ" አለ አንዱአምላክ እየተከተላት። "ስንቱን ሊበሱ ነው?"

"ሁሉንም። ያልቆጠርከውንም።"

ቤት ገብታ አንድ ጀሪካን ይዛ ወጣች። የኬሻ ክር ተገምዶ ማንገቻ ተሠርቶለታል፤ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ እንደተዘጋ ነው። የገመደው ውባንተ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን የውሃ ቅሉ ተሰብሮበት፣ ከንፈሩ ደርቆ በር ላይ ቆመ። "እትዬ፣ የውሃ ዕቃ አያጡም" አላት። አላጣችም። ከክምሩ መርጣ በአመድ ሦስቴ አጠበችው፣ በፈላ ውሃ አለቀለቀችው፣ አሸተተችው። ምንም አይልም። "ብዙ ካጠቡትማ ንጹሕ ያልለመደ ሆዴ ውሃውን እንግዳ ይለዋል" ብሎ ቀለደባት። በአራተኛው ቀን በትራክተር ተሳቢ ወደ ሐኪም ሲወስዱት መንገድ ላይ አረፈ። ጀሪካኑን ከማሳው ያመጣችው እሷ ናት። ማንም ሳያይ።

"ከክምሩ አላነሣም" አለች አሰበች። "እኔ አጥቤ ሰጠሁት። በዚህ እጄ።"

አንዱአምላክ ብዕሩን ወደ ወረቀቱ አስጠጋ። የሚጽፍበት ቦታ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ፌሮውን ከጀሪካኑ ግርጌ ላይ ተከለችው። ሲወጣ ውሃ ተከተለው፤ ውባንተ ጠጥቶ ያልጨረሰው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ልትደፋው ያልሆነላት ውሃ። በቀጭኑ እየወረደ አቧራውን አራሰ። አንዲት ዶሮ ወደ እርጥቡ ስትሮጥ አሰበች በእግሯ መለሰቻት፤ ተመልሳ መጣች፤ ደግማ መለሰቻት። ማንገቻውን እንደጨበጠች ውሃው እስኪያልቅ፣ መሬቱም እስኪደርቅ ከዚያ አልተነቃነቀችም።