መዝሙር ተቀባዮች

ፈንጣጣው በኦሃዮ ወንዝ ዳር ያሉትን የሌናፔ ጎሣ ምዕመናን አንድ ሳያስቀር ከጨረሰ ወዲህ፣ ሚሲዮናዊው ኤሊፋሌት ሰንበት በመጣ ቁጥር በጸሎት ቤቱ ለባዶ አግዳሚ ይሰብክ ነበር።

«አንተ ሰው፣ ልንሄድ በቅሎዋ ተጭናለች እኮ! ለማን ነው የምትሰብከው? ለእንጨት?» አለችው ሚስቱ መሂታቤል።

«ዛሬን ብቻ፣ በሞቴ!»

እያለቀሰች ገብታ አጠገቡ ቆመች። የመዝሙር መጽሐፉ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ እንደ ልማዳቸው እሱ አንድ ስንኝ ያነባል፣ ሕዝቡ በዜማ ይቀበላል። አሁን የቀረችው ተቀባይ እሷ ብቻ ናት።

የመጀመሪያውን ስንኝ አንብቦ ዓይኑን ጨፈነ። ዜማው ቤቱን ሞላው።

«ተባረኪ፣ የኔ እመቤት» አለ እንባው እየወረደ።

መሂታቤል ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው። «እኔ እኮ አፌን አልከፈትኩም።»

ኤሊፋሌት ገና ያላነበበው ሁለተኛው ስንኝ ከአግዳሚዎቹ ተነሣ።